የጎን ብርሃን

ኦዲል ሮሾን ለሰርጉ የለበሰችው ጥቁር ሱሪ አቧራ ይንካው አይንካው ሳትጨነቅ፣ በአዳራሹ የእንጨት ወለል ላይ በሆዷ ተኝታለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው ከታች ወደ ላይ የምታየው ባለ አምስት ፎቅ ነጭ ኬክ ነው። ኬኩ በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ ጠረጴዛው በነጭ ግድግዳ ፊት ቆሟል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ትልቅ የመብራት ዘለላ ደግሞ ነጭ ብርሃኑን ሳይሰስት ከላይ ያፈስበታል። ሌላ ፎቶ አንሺ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ አንዴ ፍላሽ አብርቶ ወደ መጠጡ ይሄድ ነበር። የኦዲል ልብ ግን በደስታ ይደልቃል። ዛሬ ይህን ኬክ የምታነሳው እሷ ናት።

«ኬኩን አንቺ አንሺው» ብሏት ነበር አለቃዋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የሙሽሮቹን ዘመዶች ሲያሰልፍ። «ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አድርጊና ቶሎ ግቢው ውስጥ ነይልኝ።» ምን እንደሰጣት አላወቀም። ስድስት ዓመት ቦርሳውን ተሸክማለች፣ ባትሪውን ሞልታለች፣ የሙሽሮች ቀሚስ ጫፍ አስተካክላለች። በእነዚህ ዓመታት በሄደችበት ሰርግ ሁሉ ሰው ሙሽራዋን ሲያይ እሷ ኬኩን ስታይ ነው የኖረችው። እናቷ «የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፣ ሰርግ ሄዳ ስትመለስ የምታወራልኝ ግን ስለ ክሬም ነው» እያለች ለጎረቤት ታማታለች።

ኬኩም ተራ ኬክ አይደለም፤ የሚስ ኦርታንስ ኬክ ነው። ሚስ ኦርታንስ ሰባተኛው ዋርድ በሚባለው ሰፈር ለአርባ ስምንት ዓመት የሰርግ ኬክ ሰርተዋል። ክሬሙን ከከረጢት እየጨመቁ ከስፌት ክር የማይወፍር መስመር አየር ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ። በአካል ቀርቦ ያየው ሰው ትንፋሹን ይይዛል። በፎቶ ግን ታይቶ አያውቅም። የዳቦ ቤታቸው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኬክ ፎቶ ነው፤ ሁሉም ፍላሽ በፊት ለፊት የተተኮሰባቸው ስለሆኑ ኬኮቹ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላሉ።

ይህ የዛሬው ደግሞ የመጨረሻቸው ነው። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ መቆም አቃተኝ» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል። አሁንም ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጆቻቸውን ቦርሳቸው ሥር አጣጥፈው፣ ኬካቸውን ማንም እንዳይገፋው ከሩቅ ይጠብቃሉ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያላገቡት ሴቶች ከኬኩ ሥር የወጡትን ሪባኖች ይስባሉ፣ ከዚያ ኬኩ ይቆረሳል፣ የአርባ ስምንት ዓመቱ የእጅ ሥራም ተበልቶ ያልቃል። ኦዲል የቀራት አርባ ደቂቃ ነው።

ከወለሉ ተነስታ ሥራ ጀመረች። እሷ የምታምነው አንድ ነገር ነው፤ ነጭ ነገር የሚታየው በጥላው ነው። ፊት ለፊት ካበሩበት ጥላው ከኋላው ይደበቃል፣ ክሩም አበባውም አንድ ላይ ይጠፋል። ብርሃኑን ከጎን፣ ያውም ዝቅ አድርገው ቢያመጡት ግን እያንዳንዷ ክር አጠገቧ ቀጭን ጥላ ትጥላለች፣ ኬኩም ከእንቅልፉ ይነሳል። ይህን አንድ ቀን ለአለቃዋ ብትነግረው «ኬክ ነው እኮ፣ ይበላል» ብሎ ዘጋት።

ትልቁን መብራት በግራ በኩል በጠረጴዛው ከፍታ ልክ አቆመች። በቀኝ በኩል የራሷን ጥቁር ኮት ወንበር ላይ ሰቀለች፤ ጥቁር ጨርቅ የተበተነውን ብርሃን ስለሚውጠው ጥላው ይደምቅላታል። ትንሿን መብራት ከኬኩ ጀርባ ደበቀችና የስኳር አበቦቹ ቅጠሎች ከውስጥ የበሩ መሰሉ። የመዋቢያ መስታወቷን አውጥታ በማስቲካ ብርጭቆ ላይ ለጠፈች፤ ከመስታወቱ የሳንቲም ያህል ብርሃን ተወርውሮ ከላይኛው አበባ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ለብቻዋ ሳቀች። አሁን የቀረው ያ ደረቅ ግድግዳ ነው። ትንሽ አሰበችና እየሮጠች ወጥ ቤት ገባች።

«ማጥለያ ይኖራችኋል? ትልቅ፣ ቀዳዳው የበዛ።»

በትልቅ ድስት ጋምቦ የሚባለውን ሾርባ የሚያማስለው ሰውዬ ቀና ብሎ አያት። «ምን ሊጠለልበት ነው?»

«መብራት።»

«መብራት» አለ ሰውዬው፣ ማማሰያውን አስቀምጦ። «እመቤት፣ ለመሆኑ እዚያ ማዶ መጠጥ የተከፈተው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ማጥለያውን ግን ሰጣት። ከሦስተኛው መብራት ፊት ስታስረው የብርሃን ነጠብጣቦች ነጩ ግድግዳ ላይ ተበተኑ፣ ሞቅ ያሉ፣ ዳር ዳራቸው የደበዘዘ። የኦዲል አንጀት ቅቤ ጠጣ። የአዳራሹ ጠባቂ የመብራት ዘለላውን ልክ ከሪባኑ በፊት ለሁለት ደቂቃ ሊያጠፋላት ቃል ገብቷል፤ ሁለት ደቂቃ ደግሞ ለተዘጋጀ ሰው ብዙ ነው።

መጨረሻ ላይ ወደ ሪባኖቹ መጣች። ከታችኛው ፎቅ ሥር ስምንት ነጭ ሪባኖች ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፤ በእያንዳንዳቸው የውስጥ ጫፍ፣ ኬኩ ሆድ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የብር ጌጥ ታስራለች። ያላገቡት ከበው ይቆሙና እኩል ይስባሉ። መልህቅ የወጣላት ተስፋ አላት፣ ባለ አራት ቅጠል ሣር የወጣላት ዕድለኛ ናት፣ ቀለበት የወጣላት ቀጥላ ታገባለች፤ ልብስ ሰፊ ጣቷ ላይ የምታጠልቃት የጣት ቆብ የወጣችላት ደግሞ ቆማ ትቀራለች። ሪባኖቹ እንደነገሩ ተጥለዋል። አንደኛዋ ጭራሽ ጫፏ ላይ ቋጠሮ አለባት፤ በጎን ብርሃን ሲታይ ያ ቋጠሮ የተቀመጠ ጥንዚዛ ይመስላል።

ኦዲል ቋጠሮውን ፈታችው። የተጨማደደውን ጫፍ በጋለው የመብራት ጀርባ ላይ አሽታ አለሰለሰችው። የኬኩን መቆሚያ በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ሩብ ያህል አዞረችና ጥሩውን የክር ሥራ ወደ ብርሃኑ አመጣች፤ ከዚያ ስምንቱንም ሪባኖች አንስታ እኩል እኩል አራርቃ ዘረጋቻቸው። ስትጨርስ የትኛዋ የትኛዋ እንደነበረች ቢጠይቋት አታውቅም።

ያ ቋጠሮ ግን ያለ ነገር አልተቋጠረም። የሙሽራዋ እህት ሬኔት በሦስት ተከታታይ ሰርግ የጣት ቆቧ ወጥታላት፣ ቤተሰቡ ስሟን እስኪረሳ ድረስ «የጣት ቆብ» ይላታል። የወንድ ጓደኛዋ ቴራንስ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ፣ ትከሻው ሰፊ ልቡ ቡቡ የሆነ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት ሚስ ኦርታንስ ዘንድ እየሮጠ መጥቶ የሟች እናቱን የጋብቻ ቀለበት ሰጣቸው። ሚስ ኦርታንስ የብሯን ቀለበት አውጥተው እውነተኛውን በስምንተኛዋ ሪባን አሰሩለትና፣ እንዲያውቃት በውጭ ጫፏ ላይ ቋጠሮ አደረጉባት። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ቴራንስ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ እያፏጨ፣ ምንም እንደማይፈልግ ሰው ሆኖ ጠረጴዛውን ዞረ። ደግሞ ዞረ። በሦስተኛው ማፏጨቱን አቆመ።

«እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ሪባን ላይ ቋጠሮ ነበር።»

«አዎ፣ ፈታሁት» አለች ኦዲል ከካሜራው ሳትለይ።

«ፈታሽው?»

«ጥላው ያስጠላ ነበር።»

ቴራንስ ወንበር ፈልጎ ኮቷ ላይ ተቀመጠ። «የናቴ ቀለበት ነው እኮ» አለ። «ለሬኔት። እሱን ስታወጣ እንድታገባኝ ልጠይቃት ነበር። ለስምንት ወር ነው ያሰብኩት።»

ኦዲል ካሜራውን ከዓይኗ አውርዳ ሪባኖቹን አየች፤ ስምንት፣ ለስላሳ፣ እኩል የተራራቁ፣ አንዷ ከአንዷ የማትለይ። እንዲህ አሳምራ ያዘጋጀቻቸው በገዛ እጇ ነው።

«የትኛው ጎን ላይ እንደነበረች ታስታውሳለህ?»

«ወደ በሩ በኩል ነበረች።»

«ኬኩን አዙሬዋለሁ፣ ሪባኖቹንም አደባልቄያቸዋለሁ» አለች ኦዲል በቀጭን ድምፅ።

«እግዜር ያሳይሽ! ያላዞርሽው ነገር አለ?» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። «ዴልፊን ካወጣችውስ? ያቺ የአክስቷ ልጅ ካወጣችው አለቀ፣ አትመልስልኝም። አውቃታለሁ፣ ጃኬቴን ከወሰደች ሁለት ክረምት ሆኗል።»

«ቀስ ብለን እየሳብን ብናየውስ?»

«ሥሩን ገነጣጥለን? ሚስ ኦርታንስ እያዩ?»

ኦዲል ካሜራውን ከፍታ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ወደ ኋላ አገላበጠች። ወደ አዳራሹ እንደገባች፣ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ለሙከራ ያነሳቻት አንዲት ፎቶ ነበረች። በፍላሽ ነው ያነሳቻት፣ በፊት ለፊት፣ ልክ አለቃዋ እንደሚያነሳው። ነጭ ሪባን፣ ነጭ ጨርቅ፣ ነጭ ኬክ፤ ቋጠሮው ቀርቶ ሪባኖቹ ራሳቸው የሉም። ስንት ጊዜ የሳቀችበት ጥፋት ዛሬ በራሷ ላይ መጣ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ነገር ግን ለማልቀስ ጊዜ ስላልነበረ ወደ በሩ ሄደች።

«ሚስ ኦርታንስ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ።»

«ኬኩን ነካሽው?»

«ሪባኑን። ቋጠሮውን ፈታሁት።»

አሮጊቷ ከኋላዋ የቆመውን ቴራንስን አዩ፤ የፊቱ ቀለም ሁሉንም ነገራቸው። አልተቆጡም። «ይህ ሰው ቀለበቱን ያመጣልኝ ክሬሙ ከደረቀ በኋላ ነው» አሉ። «ስምንቱም ሪባኖች ገብተው፣ አልቆ፣ ተለስኖ። ለስምንተኛዋ ስል ከሥሩ በቢላዋ ቀድጄ፣ ቀለበቱን ቀይሬ አስገባኋትና መልሼ ለሰንኩት።»

«ታዲያ የተቀደደበት ይታያላ!» አለ ቴራንስ።

«የኔ ልስን አይታይም» አሉ ሚስ ኦርታንስ፣ የሰደባቸው ይመስል። «አርባ ስምንት ዓመት ታይቶ አያውቅም።»

የኦዲል ፍርሃት መልኩን ቀይሮ እንደገና ደስታ እየሆነ ነበር። «ከላይ በሚመጣ መብራት አይታይም» አለች። «በፊት ለፊትም አይታይም። በጎን ግን ይታያል። አዳራሹን ካጨለምኩትና መብራቱን ዝቅ አድርጌ በዙሪያው ከዞርኩ፣ የፈለገውን ያህል ይለሰን፣ ይታያል።»

ሚስ ኦርታንስ እጃቸውን ከቦርሳው ሥር አላወጡም። «ያ ያንቺ መብራት» አሉ፣ «ሁሉን ነገር ነው የሚያሳየው?»

«ሁሉን ነገር ነው።»

አሮጊቷ ኬካቸውን፣ ከዚያ ቴራንስን አዩ። «እንግዲህ የአዳራሹን መብራት አጥፊው» ብለው ከወንበሩ ተነሱ። ኦዲል አሁን ገና ጉልበታቸው ምንም እንዳልሆነ ልብ አለች፤ ያለ ማንም ድጋፍ ነው የተነሱት።

እንግዶቹ ከግቢው እየተንጋጉ መግባት ጀምረዋል። የባንዱ መሪ ማይክሮፎኑን ይዞ «ያላገባችሁ! ያላገባችሁ ሁሉ ወደ ኬኩ! ያገባችሁ ደግሞ ዞር በሉ፣ የናንተ አልቋል!» እያለ ያስቃቸዋል። ቴራንስ የሰው ትከሻ እየገፋ ወደ መብራቱ ማጥፊያ ሮጠ፤ ኦዲል የከባዶቹን መጋረጃዎች ገመድ ሳበች። የመብራት ዘለላው ጠፋ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸ፣ ከዚያ የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ፤ ከበሮ መቺውም ነገሩ ገብቶታል መሰለው፣ ቀስ ብሎ ከበሮውን ያንቀጠቅጥ ጀመር።

ኦዲል ከኬኩ ጀርባ ያለችውን መብራትና የግድግዳውን አጠፋች። ትልቁን መብራት ከመቆሚያው ነቅላ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ዝቅ አድርጋ ያዘችው። መዞር ጀመረች።

መጀመሪያ የታየው የታችኛው ፎቅ ክር ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲያልፍበት አንድ መስመር የነበረው ሦስት ሆነ፣ ሦስቱም ጥላቸውን ይዘው ተለያዩ፤ ኦዲል አንድ እርምጃ ስትራመድ ጥላዎቹ አብረዋት ተራመዱ። ከዚያ በላይ ቅጠሎቹ፣ ከዚያ በላይ የወይን ሐረጉ፣ ከዚያ ማንም በዚያ ሁሉ ነጭ ውስጥ መኖሩን ያላወቀው የመረብ ሥራ ብቅ አለ። ጭብጨባው ቆመ። «ይሄ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር እንዴ?» አለ አንድ ሰው። ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ከኋላ፣ «እኔ በሰርጌ ቀን የበላሁት ይሄን ነው? ማን ነበር ዝም ብለህ ዋጠው ያለኝ?» አለና ሚስቱ ጎሸመችው።

ሚስ ኦርታንስም ያያሉ። የሠሩትን ያውቁታል፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይተውት አያውቁም። ዘወትር የሚያዩት ከቅርብ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በዳቦ ቤቱ መብራት ነው። ኦዲል ፊታቸውን ለማየት ጓጉታ ነበር፣ ግን ዓይኗን ከኬኩ ሥር መንቀል አልቻለችም።

ግማሽ ዙር ላይ አገኘችው። ከአንዷ ሪባን በላይ፣ ለስላሳው ልስን ላይ፣ ጣት የማይሞላ ቁራጭ ቦታ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ጥላ ጥሏል። በደስታ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አንድ እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ከቀጣይዋ ሪባን በላይ፣ ሌላ አየች። ሁለት ናቸው። መብራቱን መለስ አደረገችው፤ አዎ፣ ሁለት።

«ሚስ ኦርታንስ» አለች በሹክሹክታ። «ሁለት ቦታ ነው የተለሰነው።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩ። በጎን ብርሃን አንደኛው ልስን ጠፍጣፋና የተረጋጋ ነው፣ ቢላዋው አንዴ ብቻ አልፎበት ያለቀ። ሁለተኛው ላይ ግን ጥቃቅን ሞገዶች ተደርድረዋል፣ ጥቅጥቅ ብለው፣ ቢላዋው ልሂድ አልሂድ ሲል እንደነበረ።

«ቀለበቱ የትኛው ጋ ነው?» አለ ቴራንስ። «የተዝረከረከው ጋ ነው፣ አይደል? ተጣድፈው ስለሠሩት።»

«አይደለም» አሉ ሚስ ኦርታንስ። ድምፃቸው ለሁለቱ ብቻ የሚሰማ ነው። «ቀለበትህን ጠዋት ነው ያስገባሁት። ጠዋት ጠዋት እጄ ደህና ነው። ያኛው ማታ የተበላሸብኝ ቦታ ነው። ክሩን ስዘረጋ እጄ ዘለለና ክሬሙን ቦጨቀው። ልጠግን ስል ደግሞ... አየሽው አይደል።»

ኦዲል አየችው። አሁን የጉልበቱም ወሬ፣ ቦርሳው ሥር የተደበቁት እጆችም ገቧት። ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ብርሃኑን ያመጣችው እሷ ናት። ነገር ግን የባንዱ መሪ «እመቤቶች! ሪባን ሪባናችሁን!» ሲል ሴቶቹ እየተሳሳቁ ጠረጴዛውን ከበቡት፣ የሚባለውም ነገር ሳይባል ቀረ።

«ሬኔት፣ አንቺ እዚህ ቁሚ» አለች ኦዲል፣ ከተረጋጋው ልስን ሥር ያለችውን ሪባን እያሳየቻት። «ብርሃኑ እዚህ ያምርብሻል።»

ሬኔት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አልቆምም።»

«ለፎቶው ነው።»

«አውቃለሁ ለምን እንደሆነ። ሦስት ሰርግ ሙሉ አንቺ እዚህ፣ አንቺ እዚህ እያላችሁ ያቆማችሁኝ ቦታ የጣት ቆብ ብቻ ነው ያለው። ዛሬ ራሴ ነኝ የምመርጠው።» ብላ ዞራ ተቃራኒው ጎን ላይ ቆመች። ሚዜዎቹ «የጣት ቆብ ተቆጣች!» ብለው በሳቅ ፈነዱ።

«እኔ ደስ ይለኛል፣ ይመቸኛል» አለች ዴልፊን፣ ቁመቷ ረጅም ጥፍሯ ቀይ የሆነችው የአክስት ልጅ፣ ያቺን ሪባን በሁለት ጣቷ ብድግ አድርጋ።

ቴራንስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ። ኦዲል ቀደመችው። «ዴልፊን፣ አንቺ ረጅም ስለሆንሽ ብርሃኑን ትጋርጂብኛለሽ፤ እባክሽ ወዲያ...»

«የእናቴ ልጅ፣ እኔ የቆምኩበት ቦታ ነው ብርሃን የሚመጣው» አለች ዴልፊን፣ ሰውም ሳቀ። የባንዱ መሪ መቁጠር ሊጀምር እጁን አነሳ።

ያን ጊዜ ሚስ ኦርታንስ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ወደ ዴልፊን ሄደው ሪባኑን ከጣቷ ወሰዱት። የኬኩ ባለቤት ናቸውና ዴልፊን አልታገለቻቸውም። ከዚያ ሪባኑን በጠረጴዛው ላይ አሻግረው ለሬኔት ዘረጉላት፣ ቀኝ እጃቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ብርሃኑ አውጥተው።

እጁ ይንቀጠቀጣል። ከእጁ ጋር ሪባኑ፣ ከሪባኑ ጋር በግድግዳው ላይ ያረፈው ትልቅ ጥላው ይንቀጠቀጣል። መቶ ሃያ ሰው ያየዋል፤ ግማሹ የተጋባው በዚህ እጅ በተሠራ ኬክ ነው። ሳቁ ከፊት ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ። ሚስ ኦርታንስ እጃቸውን አልሰበሰቡም። ኦዲል ከሁሉም በላይ ይህን ከሰው ለመደበቅ ሲለፉ እንደከረሙ ታውቃለችና መብራቱን ልታወርድላቸው ፈለገች፣ ግን እሳቸው ቀና ብለው አዩዋት፤ አላወረደችም።

ሬኔት ያን እጅ አየችው። ስለ ዕድልም ስለ ጣት ቆብም ያሰበች አትመስልም፤ እጁ አየር ላይ እንዲቆይ ብቻ አልፈለገችም። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና በሁለት እጆቿ ተቀበለቻቸው። «እሺ፣ ሚስ ኦርታንስ» አለች። «ከእርስዎ እጅ ከሆነ ምንም ይውጣልኝ።»

«አንቺ ደግሞ መብራቱን ስጪኝና ሥራሽን ሥሪ» አሉ አሮጊቷ ወደ ኦዲል ዞረው።

ኦዲል አስረከበቻቸው። መብራቱ እጃቸው ላይ ሲያርፍ ብርሃኑ ኬኩ ላይ መርገፍገፍ ጀመረ፤ የክሮቹ ጥላ ሁሉ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ትንሽ ትንሽ እየተወዛወዘ። ኦዲል በሕይወቷ ሙሉ መብራት እንዳይንቀሳቀስ ስትለፋ ነው የኖረችው። በካሜራው ውስጥ አየች። ክሬሙ ይተነፍሳል።

«በሁለት እጄ ልያዘው?» አሉ ሚስ ኦርታንስ። «እንዳላበላሽብሽ።»

«እንደያዙት ይያዙት» አለች ኦዲል። «በእግዚአብሔር፣ ምንም አይለውጡ።»

«አንድ!» አለ የባንዱ መሪ፤ ሰዉም ተቀበለው። «ሁለት! ሦስት!»

ሬኔት የተወችውን ሪባን ዴልፊን ይዛው፣ ስምንቱም ሪባኖች ተሳቡ። ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው፤ «መልህቅ!» «አራት ቅጠል! የኔ ነው!» የሬኔት ሪባን ግን ያዝ አደረገ፣ እንደገና ሳበችው፣ ከክሬም ጋር ተጠቅልሎ ድቡልቡል ያለ ነገር ወጣ። ሁሉም ሴቶች እንደሚያደርጉት ሳታየው ክሬሙን ልትልስ አፏ ውስጥ ከተተችው።

«የጣት ቆብ! የጣት ቆብ! የጣት ቆብ!» እያሉ ሚዜዎቹ በጭብጨባ ያዜሙላት ጀመር።

ሬኔት አፏ እንደተዘጋ ቀረች። ምላሷ አፏ ውስጥ ባለው ነገር ዙሪያ ዞረ፤ ጉንጯ ሲንቀሳቀስ ኦዲል አየችው። ሪባኑ ከከንፈሯ ተንጠልጥሏል። ፊቷ ላይ የነበረው ቀልድ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ዓይኖቿ ሰፉ፣ አጠገቧ ያሉት አንድ በአንድ ጭብጨባቸውን ተዉ። ቀና ብላ በቴራንስ ቁመት ልክ፣ ሰፊ ትከሻውን ልታገኝበት በምትችልበት ከፍታ፣ ጨለማውን ከዚህ እስከዚያ ፈለገች። አላገኘችውም። እሱ ከተንበረከከ ቆይቷል፣ ብርሃኑም እሱ ጋ አይደርስም።

ያየችው ኦዲል ናት። «ሚስ ኦርታንስ» አለች፣ ካሜራውን ሳታወርድ። «ወደ ታች።»

አሮጊቷ መብራቱን አዞሩት። ኬኩ ከነክሩ፣ ከነአበባው፣ ፎቶው ገና በቅጡ ሳይነሳ ጨለማ ውስጥ ገባ፤ ኦዲልም ዞራ አላየችውም። ብርሃኑ እየተንቀጠቀጠ ከጠረጴዛው ወረደ፣ በሰው ጫማዎች መሐል አለፈ፣ ወለሉን እየዳሰሰ ወደ ተንበረከከው ቴራንስ ሄደ፣ ኦዲልም ካሜራዋን ይዛ ከኋላው ተከተለችው።